ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመጣው ካህን

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዣችን ጀርባ እንኖራለን። ባለቤቴ በማግስቱ የሆድ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ስለሆነ ተናዝዞ የሕሙማንን ቅብዓት እንዲቀበል ፈለግሁ። የካቶሊክ ቁምስናችን ካህናት ግን ለሱባዔ ከከተማ ወጥተዋል። ከሱቅ ደውዬ ያገኘሁት አንድ ካህን ብቻ ነው፤ የገዛ ልጃችንን።

«ሌላ ሰው ጠፋ?» አለ ባለቤቴ።

«ጠፋ።»

«ንፍጡን ለጠረግሁለት ልጅ ኃጢአቴን ልዘርዝር? ከነኃጢአቴ ይቅደዱኝ!»

ቀልድ አስመሰለው እንጂ ነገሩ ገብቶኛል። ልጁ ጋራዡን ትቶ ካህን እሆናለሁ ያለ ዕለት በቀበቶ ገርፎታል። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ካልሆነ አያወሩም።

በልጅነታችን ያስተማሩን ሲስተር «ይቅር የሚለው ክርስቶስ ነው፤ ካህኑ አፉን ያውሳል» ይሉን ነበር። ይህን ነገርኩት።

«አፉ ግን የልጄ ነው» አለኝ።

መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን ጠረግሁ፤ የጠረግሁትን መልሼ ጠረግሁ። ልጃችን ደርሶ ገባና ከአልጋው አጠገብ ቆመ።

«አባባ፣ ካልፈለግህ ጸልዬልህ እሄዳለሁ።»

ባለቤቴ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ። «በሩን ዝጋው» አለው።

እኔ ወጣሁ። ድምፃቸው በመስኮቱ ይሰማል። ኑዛዜ መስማት ስላልፈለግሁ ወደ ጋራዡ ሄጄ ላሜራ የሚያቃናውን ሠራተኛ «በርታ፣ ቀጥቅጥ» አልኩት።

«ዛሬ ምን ተገኘ፣ እትዬ? ትናንት ጆሮዬን አደነቆርከው ይሉኝ አልነበር?»

«ቀጥቅጥ አልኩህ።»

ቀጠቀጠ። እኔም በሩን እያየሁ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ቶሎ ቢከፈት እምቢ ብሎታል ማለት ነው፤ ሲቆይ ደግሞ ተጣልተው ይሆናል እላለሁ። ሲከፈት ልጄ በእጁ ጠራኝ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

የባለቤቴን ግንባር ቀባና «መዳፍህን» አለው። ባለቤቴ ሁለቱንም ዘረጋ፤ ግሪስ የማይለቃቸው መዳፎች ናቸው። አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ልጄ በቀስታ ቀባቸው።

«ዘይቱን አታብዛ፤ ሞተር አይደለሁም።»

ልጄ በጸሎቱ መካከል ሳቁ አመለጠው።

ሲጨርስ ባለቤቴ ከትራሱ ሥር የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠው። «ጠዋት አንተ ትወስደኛለህ። ፍሬኑን ቀስ ብለህ ያዘው።»

በኋላ ብቻችንን ስንሆን «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«አንቺ ሴት፣ ቄሱ ዝም ካለ እኔ ልለፍልፍ?» ብሎ ፊቱን አዞረና ተኛ።

እኔ ግን መጥረጊያዬን አንስቼ ወደ ግቢው ወጣሁ።