ሐያት የሰጠችው ቃል

ባለፈው ክረምት ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳ ላይ አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ታይ ነበር። ማዳመጫ አላደረገችም። መጀመሪያ ያወቅኩት ዘፈኑን ነው። ዞር ብዬ ሳይ፣ ፀጉሯ እንደ ብር የሚያበራ ልጅ በቤተ መንግሥት መተላለፊያ ሻማ ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ አላየሁትም። አገና ከተማ ላይ ጉም ነበር፤ ይህን ብቻ አስታውሳለሁ።

ያንን ተከታታይ ፊልም ለሰፈራችን ወጣት ያሳየው ታላቅ ወንድሜ ናትናኤል ነው። አባታችን ቡታጅራ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። እሁድ ከሰዓት፣ ከቸርች መልስ፣ ማሽኑ ስለማይሠራ ናቲ ቴሌቪዥን አውጥቶ ሳንቃ ይደረድርልናል። ንግግሩ ጃፓንኛ፣ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኛው ተመልካች ሁለቱንም አይከተልም። ስለዚህ ናቲ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ይተረጉማል። ለንጉሡ ወፍራም፣ ለልጅቷ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል። ልጅቷ ዙፋኑን የተነጠቀ ንጉሥ ልጅ ናት። ማንነቷን ደብቃ በነጣቂው ግቢ ገረድ ሆና ትገባለች፤ ልትበቀል ገብታ የዘበኞቹን አለቃ ትወዳለች። የሰው ልብ የሚንጠለጠለው በፍቅሩ ነበር፤ ሴራውን የምንታገሠው ለእሱ ስንል ነው።

ሐያት ሁልጊዜ ከጎኔ ትቀመጣለች። የክፍሌ ልጅ ናት፤ አባቷ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። እንግሊዝኛውን ከእሱ እኩል የምታነበው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ «ናቲ፣ ዘለልክ!» ትለዋለች፤ ቤቱ ይስቃል። እሱም ቀስ በቀስ ሆን ብሎ መዝለል ጀመረ። በሁለቱ መካከል ምን እየሆነ እንደነበር ከሁሉ ቀድሞ የገባው ለእኔ ነው።

አንድ እሁድ የነጣቂው ንጉሥ አማካሪ ብቻውን ቆሞ የሚናገርበት ቦታ ደረስን። ናቲ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሁለቱ ጎረቤቶች እርስ በርስ ሲጋደሉ፣ እኔን ከወንበሬ ማን ያነሳኛል?» አለ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ገጠር አብረው ገበያ የሚውሉ ሰዎች መሸሻሸት ጀምረው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሐያት እጄን ያዘችኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በርበሬው ተለቅሞ መሬት ላይ በሚሰጣበት ወቅት፣ ጠቡ ፈነዳ። ቤት ተቃጠለ፤ ጎተራ ተቃጠለ። የሚቃጠለው በርበሬ ሽታ ከተማ ድረስ መጥቶ፣ በር ዘግተን እንኳ አይናችን እያለቀሰ እንስል ነበር። በዚያው ሳምንት ፖሊሶች መጥተው ናቲን ወሰዱት። አባቴ ሊሠራ የጀመረውን በር እንደያዘ ቀረ። ፊልም እተረጉማለሁ እያለ አንድ ባለሥልጣንን ሰድቧል፣ ሕዝብም አነሳስቷል ተባለ።

ወልቂጤ ነበር ያሰሩት። ቆጮና ጎመን ይዘን ሄድን። ጥበቃው ቀድመሽ ቅመሺ ብሎኝ ቀመስኩ። ናቲ ሲወጣ ግራ ጆሮው ላይ ጥጥ ነበረበት።

«ልጄ፣ ከራስህ ጨምረህበት ነበር?» አለው አባቴ።

«አልጨመርኩም አባዬ። የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።»

ይህን ለሐያት ስነግራት፣ «እኔም አንብቤዋለሁ። ሄጄ እመሰክራለሁ» አለች።

«አባትሽስ?»

«ወላሂ አውቃለሁ፣ ምሕረት። አውቃለሁ።»

መርማሪው ፊት ስትቀርብ እኔና አባቴ በሩ ጋ ቆመን እንሰማለን። ቃሉ ፊልሙ ላይ እንዳለ፣ እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ሳትርበተበት ተናገረች። ሰውዬው ቀና ብሎ አያት።

«ለመሆኑ አንቺ የሱ ምን ነሽ?»

የጓደኛዬ ወንድም ነው በዪው ብዬ በልቤ ለመንኳት።

«ልንጋባ የተነጋገርን ነን።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«አሁን ያውቃሉ» አለች።

ስንመለስ ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት። «አንዱን ከዋሸሁ ሌላውን አያምነኝም» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቡታጅራ ገብቶ ነበር። አባቷ አልመቷትም፣ አልጮኹባትም። በሩን ብቻ ዘጉባት። ከዚያ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ተላከች፤ ከዚያ ሪያድ፣ ለቤት ሠራተኝነት። ከሪያድ አንድ ጊዜ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«ተፈታ?»

«ገና ነው።»

«አይዞሽ፣ ይፈታል» አለችኝ፤ እኔን አጽናናችኝ። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም። እናቷ ዛሬም ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው በሰሙ ቁጥር እየሄዱ ይጠይቃሉ።

ናቲ ተፈቶ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው እሷን ነው። አባቴ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረው። ናቲ ተነስቶ ማሽኑን አስነሳና የሚሰነጠቅ እንጨት ሳይኖር ዝም ብሎ ሲዞር ያየው ጀመር። ግራ ጆሮው ዳግም አልሰማም። ሚስትም አላገባም።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ያኔ ወልቂጤ ፖሊስ ጣቢያ ይሠራ የነበረ ሰው አገኘ። በዚያ ጉዳይ የታሰሩት ሁሉ በአንድ ትእዛዝ፣ በጅምላ ነው የተለቀቁት አለው። የሐያትን ቃል ከመርማሪው በቀር ያየው አልነበረም። አባቴ ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው፤ አሁን እሱም የለም።

ያን ፊልም ስናይ ሴራ ማለት ብልህ አማካሪ፣ ሻማና መጋረጃ ያለው ነገር ይመስለን ነበር። በኋላ ያየሁት ሌላ ነው፤ አንድ የደከመው ሰው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ይጠይቃል፣ አንዲት ልጅ ሕይወቷን አውጥታ ትሰጠዋለች፣ እሱ ግን ምሳ ሰዓቱ ደርሶበታል። ቢሆንም ያደረገችው ከንቱ ነበር ለማለት እስከ ዛሬ ድፍረቱ የለኝም።

ያን የክረምት ቀን ቡታጅራ ስደርስ ናቲን ሥራ ላይ አገኘሁት፤ ቅንድቡ ላይ ሳጋቱራ ነበረበት። አብረን ምሳ በላን። ስለ ሐያት እምብዛም አያነሳም። እጁን እየታጠበ ግን ድንገት፣ «እሷ ባትመሰክርልኝ እዚያው እቀር ነበር» አለ።

«አዎ» አልኩት፣ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።