አራተኛው መስመር ላይ ያለችው ወረታ

«መለሰልሽ!» አሉኝ ቲቸር በስልክ። «ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሰጠ! ክረምቱን ባሕር ዳር ነሽ!»

ቅዳሜ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እንደ ጥጃ ዘለልኩ። ድሮ አንድ ገጽ መጻፍ ጭንቄ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እጄ አልቆም ብሎኛል። ስለዚህ ምን እንዳዘለለኝ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የባሕር ዳሩ የክረምት ሥልጠና ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ይወስዳል። ለመግባት ተማሪው ራሱ የጻፈው ፕሮግራም ለሙከራ ከተዘጋጀ ዌብ ሰርቪስ መልስ ማምጣት አለበት። ዌብ ሰርቪስ ማለት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ የሚጠየቀውን የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ይኸኛው የከተማ ስም በአማርኛ ሲላክለት ከፍታዋን ይናገራል። ጥያቄው የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነው፤ ሁሉም ነገር በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መሐል ይገባል፣ የከፈቱትን ሳይዘጉ መሄድ የለም።

የኔ ፕሮግራም ሠላሳ መስመር አይሞላም። የከተማችንን የወረታን ስም ይዞ ጥያቄውን ያዘጋጃል፣ ይልካል፣ መልሱ ሲመጣ ከፍቶ ቁጥሩን ያወጣል። በቃ። ችግሩ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር እንጂ ኢንተርኔት የለውም። ቲቸር ፊዚክስ ነው የሚያስተምሩት፤ የኮምፒውተር ክበቡን የያዙት ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው። ባለቤታቸው ባሕር ዳር ስለሆኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ፕሮግራሜን በፍላሽ ወስደው ኢንተርኔት ቤት ያስኬዱታል፣ ሰኞ የሆነውን ይነግሩኛል። ማረም ግን ለሳቸው ክልክል ነው። ሌላው ተማሪ በቀን ሃያ ጊዜ የሚሞክረውን እኔ በሳምንት አንዴ። እስከ መጨረሻው ቀን የቀሩኝ ቅዳሜዎች ሦስት ነበሩ።

ካልሆነ ደግሞ ክረምቴ የታወቀ ነው። አባየ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ይዘራሉ፤ የሩዝ አረም የሰው እጅ አይበቃውም። «ያ ዕቃ ከመለሰልሽ ሂጂ፤ ካልመለሰልሽ ከኔ ጋር ትወርጃለሽ» ብለውኛል። አባየ ቃላቸውን አያጥፉም።

የመጀመሪያው ሰኞ ቲቸር ከማስታወሻቸው አነበቡልኝ፤ «አራተኛው መስመር ላይ ያልተፈቀደ ምልክት አለ ይላል።»

ሮጬ ከፈትኩት። አራተኛው መስመር ላይ ያለችው ወረታ ብቻ ናት። በመክፈቻና በመዝጊያዋ መሐል፣ ጥርት ብላ።

«ምናልባት ወረታን አይወዳት ይሆናል፤ እስቲ ደብረ ታቦር በይው» አለችኝ አብራኝ ቤት የተከራየች ጓደኛዬ።

«ትቀልጃለሽ? አንቺን አረም አይጠብቅሽ!»

«እኔን ጤፍ ይጠብቀኛል፤ እሱም የሚያስጎነብሰው ያው ነው።»

ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ በደብተሬ ገለበጥኩና ምልክቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ። አንድም የጎደለ የለም። ያስፈራኝም ይኸው ነበር፤ ስህተቱን ያገኘ ያርማል፣ ያላገኘ ምኑን ያርማል? እንደገና ጻፍኩትና ፍላሹን ስሰጣቸው «ቲቸር፣ እዚያ ሲከፈት አራተኛው መስመር ምን እንደሚመስል አሳትመው ያምጡልኝ» አልኳቸው።

ሁለተኛው ሰኞ ያው ስህተት፤ ወረቀቱ ግን መጣ። ወረታ የለችበትም! በሷ ቦታ የፈረንጅ ምልክት ተዘበራርቆ፣ ከመሐሉ ደግሞ ማንም የማይዘጋው አንድ መክፈቻ ምልክት ተገትሯል።

ለካ ትምህርት ቤታችን አማርኛ የሚጽፍበት አሮጌ መተየቢያ ፊደላችንን ላይ ላዩን ነው የሚያሳየው። ከውስጥ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛውን ምልክት ነው። እኛ ዘንድ ወረታ፣ ባሕር ዳር ሲደርስ ዝብርቅርቅ። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር እንዳለው ለቲቸር ነግሯቸው ሰንጠረዡን አትሞላቸዋል።

«ይኸ ማረም አይደለም፤ ወረቀት ማቀበል ነው» አሉኝ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያዩ።

ወ 4808። ረ 4648። ታ 4723። በፊደሉ ፈንታ ቁጥሩን መጻፍ ነው፤ ከያንዳንዱ ቁጥር ፊት ሁለት ምልክት፣ ከኋላው ደግሞ ከላይ ነጥብ ከታች ሰረዝ ያላት አንዲት ትንሽ ምልክት። እሷ ከቀረች ሁሉም ይበላሻል።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ረቡዕም የለም። ሐሙስና ዓርብ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፣ መብራት የሚባል ነገር የለም። የመጣው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የቲቸር ሚኒባስ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይነሣል።

በጭቃው ሮጬ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ዘበኛው «ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» ሲሉኝ «አባባ፣ በወላዲቷ፣ አሥር ደቂቃ!» ብዬ አስከፈትኳቸው። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ጥፍሬን ጨረስኩ። ሦስቱን ቁጥሮች ስጽፍ ጣቴ ሁለት ሁለት ቁልፍ ይነካል። ፍላሹ ላይ ገልብጬ ስነቅለው መብራቱ ድርግም አለ።

መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ፍላሹን በመስኮት አቀበልኳቸው።

«ሞክረሽዋል?»

«በምን ልሞክረው፣ ቲቸር?»

ሚኒባሱ ሄደ። ያኔ ያቺ ትንሽ ምልክት ትዝ አለችኝ። ታ መጨረሻ ላይ አድርጌያታለሁ? አላስታውስም። ተመልሼ እንዳላይ መብራት የለም፤ ባይም የሄደውን ሚኒባስ አልመልሰውም።

አባየን ገበያ አገኘኋቸው። አህያቸው አጠገብ ከሰፈራችን ሰዎች ጋር ቆመዋል።

«እስካሁን አልመለሰም?»

«ሁለቴ መልሷል አባየ፣ ስህተት ነው እያለ።»

«ታዲያ መልሷል እኮ! እኔ በሬዬን ስጠራው ዞር ካለ ሰምቷል ነው የምል።»

«ቁጥር ነው የሚፈለገው፤ የወረታ ከፍታ።»

«የምን ከፍታ? ይኸ ሜዳ ነሐሴ ሲሆን ባሕር አይደል? ይኸን ለማወቅ ባሕር ዳር ድረስ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ለኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። «እስከ ሰባት ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ልብስሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ አባየ።

የምዝገባው ማብቂያ ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሆነ፣ ስልኬ ዝም። ስድስት ተኩል፣ ዝም። ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ እንዳልደውል እፈራለሁ፣ እንዳልጠብቅ አልችልም። አባየ ጭነቱን ማጥበቅ ጀመሩ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ያችን ምልክት አድርጌ ኖሯል! ቲቸር ስድስት ሳይሞላ አስመዝግበውኛል፤ ያዘገያቸው አልሠራ ያለው የስልክ መስመር ነው።

ዘልዬ ስጨርስ አባየ «ምን አለ?» አሉኝ።

«ቁጥሩን ሰጠ፣ አባየ። በሜትር።» ነገርኳቸው።

«ከሺህ በላይ? ይኸ ሜዳ? ውሸቱን ነው!» የአህያዋን አንገት መታ መታ አደረጉ። «በይ፣ አረሙን ከናትሽ ጋር እንችለዋለን። አንቺ ተማሪ።» ብቻቸውን ወደ ሜዳው ወረዱ፤ እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው።

ከመስከረም ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከክፍል በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ይሆናል፤ ቲቸር ተስማምተዋል። ይህን የምታነቡ ሴት ተማሪዎች፣ ከአንበሳሜም ከወንዛዬም መጥታችሁ እዚህ የምትማሩ፣ የሀገራችሁን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ኑ። የየፊደሉን ቁጥር አብረን እንፈልጋለን፣ ጥያቄውን አብረን እንጽፋለን። ሰኞ ስህተት ነው ቢለን ደግሞ ማክሰኞ እንደገና እንቀመጣለን። ቦታ ሞላ አትበሉ፤ አንድ ወንበር ላይ ሁለት እንሆናለን።