በዚያኛው ዓለም ያጠርኩት አጥር

እግሬ የተሰበረው ባጃጅ ሳይቆም ስወርድ ነው። ሹፌሩ «እማማ፣ ቆዩ እንጂ!» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ቆዩ ሲሉኝ አልወድም።

ሐኪሙ በጀሶ ጠቀለለልኝና «መሬት እንዳያስነኩት» አለኝ። ክብረ መንግሥት የሚኖረው ልጄ ይህን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ነገሌ መጣ። ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲያወራም ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል። አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን መኖር አይችሉም። አረፋ ሲያልፍ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ቤቱን እናከራየዋለን።»

«ማን ነው የሚያከራየው?»

«እኛ ነና።»

«እኛ ማለት አንተና ማን?»

የቀረውን በሆዴ ነው ያልኩት። ይሄን ቤት እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት! ደርግ በወደቀ ሰሞን ከባሌ ጋር ከሜጋ ስንመጣ፣ ጭቃውን በእግሬ ረግጬ ነው፤ አሁን ጀሶ ውስጥ በተጋደመችው በዚችው እግሬ። ከፊት ለፊት ሱቅ አደረግንበት። ጨው፣ ሻይ ቅጠል፣ ጀሪካን፣ የእጅ ባትሪ ሸጥንበት። አማርኛዬንም የተማርኩት እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት በሩንም አላውቀው። ባሌ አልጋው ላይ ሞቶ የወጣው ከዚህ ቤት ነው፣ እኔም የምወጣው በዚሁ በር ነው። ክብረ መንግሥት ደግሞ ብርድ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ጃኬት ለብሶ ይቆማል፣ ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ።

ልጄ ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው። እንድታስታምመኝ ብሎ ሴት ልጁን ትቶልኝ ሄደ። ይቺ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየጠበቀች ነበር። ሻንጣዋ ሲከፈት ከልብሷ ገመዱ ይበልጣል፤ የኮምፒውተር ገመድ፣ የስልክ ገመድ፣ የጆሮ ገመድ። ምግቤን ሰጥታኝ፣ እግሬን ትራስ ላይ አድርጋልኝ፣ ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ትደፋለች። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። የጣሪያዬን ቆርቆሮ ምስማር በምስማር አወቅኩት።

አንድ ቀን ሰለቸኝ። «አንቺ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጌም ነው፣ አኮ።» እኛ አገር ሴት አያት አኮ ነው የምትባለው።

«ወዲህ አዙሪውና ንገሪኝ።»

አዞረችልኝ። ትንሽዬ ሰውዬ ባዶ ሜዳ ላይ ይሮጣል። «ሰውዬው መንኮራኩሩ ተሰብሮበት ማንም የማያውቀው ዓለም ላይ ወደቀ» አለችኝ። «ምንም የለውም። ብረቱን ቆፍሮ፣ ከሰሉን ቆፍሮ፣ ማሽን በማሽን እየሠራ ትልቅ ፋብሪካ ያቆማል። እዚያ የሚኖሩ አውሬዎች ግን አሉ። የፋብሪካው ጭስ ሲደርስባቸው ይናደዳሉ፣ መጥተው ያገኙትን ሁሉ ይነክሳሉ።»

«ዘመድ የለውም?»

«የለውም።»

«ሽማግሌስ?»

«አኮ፣ ማንም የለም አልኩዎት!»

«ታዲያ መሬቱን ማን ሰጠው?»

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው። መሬት ዝም ተብሎ አይቆፈርም፤ ውሃም ዝም ተብሎ አይቀዳም። እዚያው እያወራን አውሬዎቹ መጡ። እንደ ትልልቅ ጉንዳን ናቸው፣ ጥርሳቸው ብቻ የጅብ ነው። ሰውዬው ወዲያ ሲሮጥ እነሱ ወዲህ ገብተው የቆመውን ማሽን ገነጣጠሉት። እኔ ጀሶዬን ረስቼ «ከኋላው! ከኋላው!» እያልኩ አልጋውን ስደበድብ፣ የልጅ ልጄ በሳቅ እንባዋ መጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ነኝ የያዝኩት። ማውስ የምትለውን ነገር ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሰውዬው እንደሰከረ ይዞር ነበር። ፊደል አላውቅም፣ መልኩን ግን አውቃለሁ። መዳቡ ቀላ ያለ፣ ብረቱ ሰማያዊ ቢጤ፣ ከሰሉ ጥቁር። ራሱ የሚሄድ መንገድ አለ፤ ብረቱን እጥልበታለሁ፣ ተሸክሞ ምድጃው ድረስ ይወስደዋል። ይሄ መንገድ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ቢኖረኝ ወገቤን ባላመመኝ! ምድጃው ያቀልጣል፣ ማሽኑ ጥርስ ያለው ጎማ ይሠራል፣ ጎማው ሌላ ማሽን ይሠራል። ማሽን ማሽን ሲወልድ አይቼ አላውቅም ነበር።

አውሬዎቹ ግን እንቅልፍ ነሱን። የልጅ ልጄ «ጎጇቸው ድረስ ሄደን እንፈጃቸው» አለች።

«በይ ተይ። አንቺ ስድ ነሽ። እኛ ነን የመጣንባቸው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው።»

ተልተሌ ገጠር ሳድግ፣ እንግዳ የማያውቀው መንደር ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ጦሩን ይተክላል፣ ይቆማል። ከውስጥ ሰው ወጥቶ «ናጋ?» ብሎ ሰላም መሆኑን እስኪጠይቀው ይጠብቃል። የመጣበትን ይናገራል፣ ውሃ ይለምናል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። እኔም ሰውዬውን እንደዚያው አደረግኩት። ጠመንጃውንና ጥይቱን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩለት፣ ባዶ እጁን ወደ ጎጇቸው ወሰድኩት፣ ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩት።

«አኮ፣ እባክዎ!» አለች የልጅ ልጄ።

«ዝም በይ፣ ሰው እየጠበቅን ነው።»

ወጡ። ደስ አለኝ፣ ሊቀበሉት ነው ብዬ። ወላሂ፣ ከጫማው ጀምረው ነው የበሉት! የልጅ ልጄ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔ ተናደድኩ። በልቶ የጠገበ አንድ እንኳ «ከየት ነህ?» ያለው የለም።

የልጅ ልጄ ጌሙን መልሳ ሰውዬውን ስታስነሳልኝ «እሺ» አልኩ። «ሰላምታ የማያውቅ ከሆነ አጥር ነው።»

አጥሬንም በራሴ ዓይነት አጠርኩ። የልጅ ልጄ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ድንጋይ ይቆጥባል ትላለች። የከብት በረት ቀጥ ብሎ ታጥሮ ያየሁበት ቀን የለም፤ ክብ ነው። ጌሙ ደግሞ ክብ አያውቅም፣ ሁሉ ነገሩ እንደ ስኳር ጡብ ነው። አንዷን ጡብ ወደ ጎን፣ አንዷን ወደ ላይ እያደረግኩ አጣመምኩት። ያለን ድንጋይ ሁሉ አለቀ። «ይሄ ክብ ነው እንዴ? የተነከሰ ዳቦ ነው የሚመስለው» ብላ አፌዘችብኝ። ይምሰል! ከአጥሩ ኋላ ራሳቸው የሚተኩሱ መሣሪያዎች ደረደርን፣ ጥይቱን በሚሄደው መንገድ ላክንላቸው። አውሬዎቹ መጥተው ሲላተሙ «ናጋ!» እላቸዋለሁ እያፌዝኩ። «ናጋ ነው? እንግዳ ናችሁ? ቁሙ እዚያው!»

አንድ ቀን የልጅ ልጄ መጨረሻውን ነገረችኝ። «ሁሉም ነገር ሲያልቅ ሮኬት እንሠራና ሰውዬው ይሄዳል። አሸነፍን ማለት ነው።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ አገሩ ነዋ።»

«ይሄን ሁሉ ሠርቶ? አጥሩንስ? ምድጃውንስ ማን ያየዋል?»

«አኮ፣ ጌሙ እንደዚያ ነው።»

«ሮኬቱ ባዶውን ይሂድ። ሰውዬዬ የትም አይሄድም።»

ኮምፒውተሩን ትታ አየችኝ። ነገሩ ገብቷታል። «አባባ አረፋ ሲያልፍ ይመጣል» አለችኝ ቀስ ብላ። «መኪናም ተከራይቷል።»

«ይምጣ» አልኩ።

ጀሶው ተፈታ። እግሬ የዶሮ እግር መስላለች። ሐኪሙ በዱላ ተለማመዱ አለኝ፤ እኔ ግን ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ ነበርኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥብኛል፣ እመለሳለሁ። ለልጄ በስልክ «እሮጣለሁ» አልኩት። አላመነኝም፣ እውነትም አልነበረም።

አረፋ አለፈ። ልጄ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። የልጅ ልጄ ለአባቷ ምሳ የሚሆን ልትገዛ ገበያ ወጣች። «መብራት ከጠፋ እንዳይነኩት፣ ባትሪው ደካማ ነው። ሴቭ አድርጌ ሳላስቀምጠው ከጠፋ ከጠዋት ጀምሮ የሠሩት ሁሉ ይጠፋል» ብላኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የሠራሁት የአጥሩን ደቡብ በኩል በሙሉ ነው! እሷ ጥጉን ሳትዞር መብራቱ ጠፋ። ወዲያው ደግሞ አውሬዎቹ መጡ፤ ብዙ ሆነው፣ ከዚህ በፊት ያላየኋቸው ትልልቆቹ። ከታች በኩል የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ። ስልክ ደወልኩላት፤ ስልኳ ትራሷ ሥር ጮኸ።

ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልየው? ሻርፔን አንገቴ ላይ አሠርኩ፣ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋው እንደ ጉልት ሻጭ ትሪ ደረቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ገመዱን በብብቴ ያዝኩ፣ ዱላዬን አነሳሁ። በሩ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። «ተንቀጥቀጪ» አልኳት፣ «እየተንቀጠቀጥሽ ትሄጃለሽ።» ወጣሁ።

አስፋልቱ ዳር ጀነሬተር ያለው ጸጉር አስተካካይ አለ፤ እዚያ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ከደረቴ ተኩስ ይሰማል። ፍየል ይዞ የሚያልፍ ሰው ቆመ፣ ፍየሏም ቆመች። አንዷ ጎረቤቴ «አካም! እንዴት ነው፣ ምን ሆነው ነው?» ስትለኝ «ከበውኛል!» ብያት አለፍኩ።

ጸጉር አስተካካዩ የአንዱን ሰው ራስ ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ይዞ ነበር። «መላጫውን ንቀለውና የእኔን ገመድ ሰካው» አልኩት።

«አኮ፣ ሰውዬውን ልጨርሰው?»

«ያንተ ሰውዬ ግማሽ ራሱን ይዞ አይሞትም። የእኔ ግን ሊሞት ነው!»

ነቀለው። ገመዱን ሰካ። ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰውዬ ራሱ ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ከኋላዬ ቆሞም «በስተግራ ጥይት አልቋል፣ እማማ!» ይለኛል። አጥሩ ተሰበረ። የመዳቡን ማውጫ በሉት። እኔ እየሸሸሁ ከውስጥ ሌላ አጥር አጠርኩ፣ ያም ሲሰበር ሌላ። አንዱን ምድጃ አዳንኩ። ከአንዱ ምድጃ ሁሉንም መልሶ መሥራት ይቻላል፣ ከዚያም ባነሰ ነው የጀመርነው።

እዚህ ላይ ሳለሁ ብርሃኑ ተጋረደብኝ።

«እናቴ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ልጄ ነው። በላብ ተጠምቋል።

«ዞር በል፣ ጋረድከኝ።»

«ከተማውን ሙሉ ስፈልግዎት... በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

«ማን ደግፎዎት?»

ዱላዬን አሳየሁት። ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰውዬ «እየተኮሱ ነው የመጡት» አለው። ልጄ ሰውዬውን አየው፣ እኔን አየኝ። የልጅ ልጄ ከገበያ ስትሮጥ መጣችና ጌሙን አስቀመጠችልኝ፤ ኮምፒውተሩን ተቀበለችኝ። ልጄ ባጃጅ ልጥራልዎት ቢለኝ እንቢ ብዬ በዱላዬ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ልጄ ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ ሕፃን መራመድ እንደሚያስተምር ሰው ይከተለኛል።

ግቢዬ በር ላይ ስደርስ መኪናው ቆሟል። ፍራሼ ከላይ ታስሯል። ሣጥኔም ተጭኗል። ቤት ሲያጣኝ መጀመሪያ ዕቃዬን ጭኖ፣ ከዚያ ነው ሊፈልገኝ የወጣው!

«ማን ነው ፍራሼን ያወጣው?»

«እናቴ፣ ተነጋግረን ጨርሰን የለም እንዴ?»

«አንተ ነህ የተናገርከው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ወጡ። ልጄ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያ የስብሰባ ድምፁ ጠፋ። «ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንቱ ሞቱ ብዬ ነው የማነሳው። ብቻዎን ወድቀው ሰው ሳያገኝዎ ቢቀርስ? ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አንጀቴን በላው፣ አልዋሽም። ግን ቤቴን አንጀቴ አልሠራውም።

«አንተ ወጣት ሆነህ በሜጋ መንገድ በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ስትመላለስ እኔም እንደዚያው ነበርኩ» አልኩት። «በደነገጥኩ ቁጥር ግን መጥቼ ጠፍሬ አልጫንኩህም። መደንገጡን ቻለው። ብወድቅም በራሴ ግቢ ነው የምወድቀው። አውርድ።»

«እናቴ...»

«አውርድ አልኩህ።»

ልጁን አያት፣ እንድታግዘው። እሷ የገዛችውን ቲማቲም እንዳቀፈች «እኔ አኮ ጋ እቆያለሁ» አለችው። ኮቱን አውልቆ ገመዱን ፈታ። ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ሲያወርድ ወገቡን ያዘው።

«ኧረ፣ ማን ነው ያረጀው?» አልኩት። ጎረቤቶች ሳቁ፣ እሱም ሳይወድ ሳቀ።

ሣጥኑን አቅፎ መሐል ግቢ ቆመ። «ይሄንንስ የት ላድርገው?»

«ከነበረበት።»

«ከየት እንዳነሳሁት ትዝ አይለኝም።»

«እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ና ተከተለኝ» አልኩና፣ ዱላዬን ይዤ ቀድሜው ገባሁ።