ከነጠላዬ ዘርፍ የገመድኩት ማተብ

ደብረ ማርቆስ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መጀመሪያ የወሰዱብኝ ስልኬን ነው፤ ቀጥሎ ማተቤን። መርማሪው ስልኬን ሲጎረጉር ውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአንዲት ባልቴት ፈረንጅ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ አገኘና ሳቀ። «የፈረንጅ ደጅ ለምትሳለም ማተብ ምን ያደርግላታል?» ብሎ በምላጭ ቆረጠው። አንገቴን ቀዘቀዘኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ጥጉ ላይ ባልዲ። ስምንት ሴቶች ሆንን። አንዲት እማሆይ ቁስለኛ እግራቸውን ዘርግተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ምሳ ሲመጣ ወደ ገበታው ጠጋ አልኩ።

«ማተብሽስ?» አሉኝ።

«በጠሱብኝ፣ እማሆይ።»

«የኛን ማን በጠሰው? አንቺን ብቻ መርጠው?»

ጠባቂዋ የፎቶውን ወሬ ቀድማ አድርሳለች። ድርሻዬን በሳህን ክዳን ለብቻዬ ገፋ አደረጉልኝ።

«ኧረ እማሆይ፣ ሽሮ ሃይማኖት አይለይም!» አለች አንዷ። የሳቀ የለም።

ፎቶው ላይ ያሉት ሲስተር የምንላቸው ናቸው። በወጣትነታቸው እምነታቸውን ሊሰብኩ መጥተው፣ ከሮብ ገበያ በታች ክሊኒክ ከፍተው፣ የሥጋ ደዌ ቁስል ሲያጥቡ አረጁ። የእናቴንም እግር ያጠቡት እሳቸው ናቸው። እኔ ጠራጊ ነበርኩ፤ ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። አገራቸው ከገቡ በኋላ ሳልሞት ልይሽ ብለው አስጠሩኝ።

ቤተ ክርስቲያናቸው ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ብርዳም ነው። እሑድ አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ሁሉም ሽበታም። ግድግዳው ላይ የእናቴ ፎቶ ተሰቅሏል፣ እግሯ በፋሻ እንደተጠቀለለ። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ጠየቅኳቸው። «‹ከጨለማ የወጣች› ይላል» አሉኝ።

«እናቴ እኮ ከደብሯ ደጅ ሳትለይ ነው የሞተችው!»

«አውቃለሁ። እኔ አልጻፍኩትም።»

አላስነሡትምም። ተናደድኩ። «ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው ወደ እምነትዎ አስገቡ?» አልኳቸው።

«አንድም!» ብለው ሳቁ። «ጎጃሜ ቁስሉን ይሰጥሻል እንጂ ማተቡን አይሰጥሽም።»

«ታዲያ ምን ሲያደርጉ ቆዩ?»

«ቁስሉ አላለቀማ።»

በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። ሲስተር ከውጭ በእኔ እጅ የድብቅ መልእክት ልከዋል፤ የተቀበለውም አሁን በክሊኒኩ የቀረው ነርስ ነው ይላል። «ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።» ከፈረምኩ ነርሱ ይታሰራል፤ ቁስለኞቹን የሚያይ ሌላ ሰው የለም።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አለኝ።

«ቀስ ብዬ።»

ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ይኼ ውሸት ነው» አልኩና እስክሪብቶውን መለስኩለት። ወንበሩን ወሰዱብኝ። እስኪመሽ ቆሜ ዋልኩ።

ክፍሉ ስመለስ የእማሆይ ቁስል ይሸታል። ከመጠጥ ውሃዬ ግማሹን ይዤ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እግራቸውን ግን አልሰበሰቡም።

«እነሱ ናቸው ያስተማሩሽ?»

«ማጠቡን ብቻ።»

እራት ሲመጣ ያው የሳህን ክዳን ተሰጠኝ። በልቼ ስጨርስ ከነጠላዬ ዘርፍ ሦስት ክር መዘዝኩ፤ ገመድኩና አንገቴ ላይ አሰርኩ።

«ያለ ካህን?» አሉ እማሆይ።

«ሲቆርጡትም ካህን አልነበረም።»

ያለ ክስ ተፈታሁ። ሲስተር ሞተዋል። የእናቴ ፎቶ እዚያው ግድግዳ ላይ ይሆናል፣ ከነጽሑፉ። ነርሱ እስካሁን ይሠራል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል። ፈርቶ ነው፣ አልፈርድበትም። ምን እዋሻለሁ፣ እፈርድበታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ክሊኒኩ እሄዳለሁ። እሱ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው እናጥባለን። አንነጋገርም። ክሩ አድፏል፤ አልቀየርኩትም።