ሰማንያ ሦስት የጳጉሜን ልጆች

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ማስተዋልም ሁለት ዓመት ሙሉ አልረሳችም። ደብረ ታቦር በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የገባው አዲሱ የልደት መመዝገቢያ ፕሮግራም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሚያውቅ፣ በጳጉሜን የተወለደን ሁሉ አልመዘግብም ይላል። ላስተካክለው ብላ ብትጽፍ፣ ኃላፊዋ አቶ ጌጡ «ሥራ አታብዢ፤ ነሐሴ ሠላሳ ብለሽ መዝግቢ» ብለው ሳቁባትና መዝገብ ቤት፣ አቧራ ውስጥ ወረወሯት።

ዛሬ ግን እዚያው አቧራ ድረስ መጡላት። የገዛ ልጃቸው የሆስፒታል ካርድ ጳጉሜን አራት፣ የልደት ወረቀቷ ነሐሴ ሠላሳ ስለሚል ፓስፖርት ተከልክላለች።

«እባክሽ ማስተዋል፣ አስተካክይልኝ።»

ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያልቃል። እሷ ግን በእጇ የጻፈችውን ረጅም የስም ዝርዝር አወጣች።

«በተራ ነው ጌታዬ። ከልጅዎ በፊት ልደታቸው የተዛባባቸው ሰማንያ ሦስት የጳጉሜን ልጆች አሉ። ለወላጆቻቸው ይደውሉና ማን እንዳጠፋ ራስዎ ይንገሩልኝ። ስልካቸው ከስማቸው ጎን አለ።»

አቶ ጌጡ ላባቸውን ጠርገው ወደ መጀመሪያው ስልክ ደወሉ። ገሳይ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት አነሱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አቶ ጌጡ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

ማስተዋል ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጮክ ይበሉ እንጂ፤ ገሳይ ኔትወርኩ ደካማ ነው።»