ሁለት ደቂቃ በሐሊማ ጉንጭ ላይ

ሥራውን የጀመርኩት አዋሽ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ባለ አራት ክፍል የቆዳ ክሊኒክ ነው። ከዚያ በፊት በጤና ጣቢያ ነርስነት ሰባት ዓመት ቁስል ሳሽግና መርፌ ስወጋ ኖሬአለሁ። ስለ ፊት ቆዳ የማውቀው ነገር ቢኖር በሳሙና መታጠቡን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሐኪሟ እጅጌዬን እንድሰበስብ አዘዙኝ። ከአዲስ አበባ በወር ሁለት ጊዜ የሚመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሴት ናቸው። ብሩሹን ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ነክረው ክንዴ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ቀቡኝ።

«ምን ተሰማሽ?»

«ምንም፣ ዶክተር።»

«ጠብቂ።»

መጀመሪያ አሳከከኝ። ቀጥሎ ጉንዳን የሚነክሰኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ማቃጠል ጀመረ። ልጠርገው እጄን ስሰድ ያዙኝ። «ታካሚዋ ተኝታ የምታስበው ይህንኑ ነው። ፊቷ ላይ ሲሆን ደግሞ አስቢው» አሉኝ። ሰዓት ቆጣሪው ሲጮኽ ማቃጠሉን በሚያበርድ የቢካርቦኔት ውሃ ጠረጉልኝ። ያን ቀን የገባብኝ ፍርሃት ጡረታ እስክወጣ አብሮኝ ሠርቷል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ፒሊንግ የምንለው የላይኛውን የቆዳ ሽፋን በአሲድ አላልቶ እንዲላጥ ማድረግ ነው። ማዲያት ወይም የብጉር ጥቁረት አብሮ ይላጥና ከሥር አዲስ ቆዳ ይወጣል። አሲዱ ከልኩ አልፎ ከገባ ግን ቆዳው ይቃጠላል፤ በእኛ መልክ ላይ ደግሞ ቃጠሎ ጥቁረት ጥሎ ነው የሚሄደው። ሴትዮዋ ልታጠፋው የመጣችውን እጥፍ አድርጋ ይዛ ትመለሳለች።

ስለዚህ ሥርዓት አለው። ከሁለት ቀን በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብተን እንሞክራለን። በዕለቱ ፊቱን አጥበን ወዙን በአልኮል እናነሳለን፤ የዓይንና የአፍንጫ ጥግ፣ ከንፈርም ላይ ቫዝሊን እንቀባለን። ከግንባር ጀምረን በጉንጭ እንጨርሳለን። ቆዳው ነጭ ካወጣ ሰዓቱ ባይጮኽም እናቆማለን። ሐኪሟ ያንን ነጭ «ውርጭ» ይሉታል። እኔም «አፋር ምድር ውርጭ የሚታየው ሰው ፊት ላይ ብቻ ነው» እያልኩ ታካሚ አስቅ ነበር። አሁን ቀልዱ ይዘገንነኛል።

ውሃውም የራሱ ጣጣ አለው። አዋሽ ላይ ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ውሃ ከረፋዱ ጀምሮ እጅ አያስነካም። የተላጠ ፊት በእሱ ማጠብ ማለት ዳግመኛ ማቃጠል ነው። እኛም እንደ ጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ እናቆም ነበር።

በአራተኛው ዓመት የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ግርማ ሰመራ ላይ ሁለተኛ ክሊኒክ ከፈቱና እኔን ኃላፊ አድርገው ላኩኝ። «እድገት ነው፣ ሲስተር» አሉኝ። እኔ የታየኝ ግን ሐኪም የሌለበት ክፍል ነው። ዶክተር ታካሚዎቹን በስልክ ፎቶ እያዩ ይፈቅዳሉ፤ ብሩሹን የምይዘው እኔ ብቻዬን ነኝ።

ሐሊማ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። በጅቡቲ መንገድ ባለችው ዲቾቶ ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ማዲያት ነበረባት።

«ሲስተር፣ ሱቅ የገባ ሁሉ ‹ጉበትሽን ነው፣ ታከሚ› ይለኛል። ጨርቁን ትቶ ፊቴን ነው የሚያየው» አለችኝ።

እናቷ ሐዋ አብረዋት መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። «አላህ የሠራው ፊት ምን ጎደለው?» አሉ፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ።

«ፊቴ ከተበላሸማ ዲቾቶ አልመለስም፤ ሱቁን እህቴ ትውሰደው» አለች ሐሊማ እየሳቀች። እናትየው አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

ዶክተር ፎቶዋን አይተው ፈቀዱ። ከጆሮዋ ጀርባ ሞከርኩላት፤ ሰመራ ያለች አክስቷ ቤት ሁለት ቀን ቆየች። ስትመለስ የሞከርኩበት ቦታ ደህና ነበር።

«ክሬም ተቀብተሻል?»

«አልተቀባሁም።»

«መድኃኒት፣ ሳሙና?»

«ምንም የለም፣ ሲስተር።»

ፊቷ ጥርት ብሎ ያበራ ነበር፤ ጉንጯ ትንሽ ቀላ ብሏል። የሰመራ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። አየሁት እኮ! አይቼ አለፍኩት።

ቆጣሪውን አራት ደቂቃ ላይ ሞልቼ ከግንባሯ ጀመርኩ። ቀጥዬ ቀኙን ጉንጭ፣ ከዚያ ግራውን ቀባሁ። እናቷ ጨርቅ እያራገቡላት ነው።

«ሲስተር፣ እሳት ነው» አለችኝ።

«ታገሺ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት። ሁሉም «እሳት ነው» ይላሉ፤ ለሁሉም «ታገሺ» እላለሁ።

የአልጋውን ብረት ስትጨብጥ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራ ጉንጯ ነጭ ነው። ነጠብጣብ ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ግን መዳፍ የሚያህል፣ ወጥ ነጭ ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ቢካርቦኔቱን አፈሰስኩ። ጀሪካኑን አነሳሁና ውሃው እስኪያልቅ ፊቷ ላይ አወረድኩት። ግማሹ አንገቷ ውስጥ ገባ።

ለዶክተር ደወልኩ።

«ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«ሁለት አልሞላም፣ ዶክተር።»

የማውቃቸው ሲቆጡ ነው፤ አሁን ግን አልተቆጡም። «ፎቶ ላኪልኝ። የምትቀቢላትን አዝልሻለሁ። እና ደግሞ ሳትደብቂ ንገሪያት» አሉኝ።

ቀጥሎ ከዶክተር ሰምተው የደወሉት አቶ ግርማ ናቸው። «መላጥ ያለ ነው በያት። ምን አስደንግጪ አለሽ? ነገ ደግሞ ሦስት ሰው አለሽ።»

«ነገ ማንንም አልነካም። አሲዱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ክሊኒኩን ዝጊልኛ!»

ሐሊማን ሌላ ክፍል አስተኝቼ የአሲዱን ክፍል ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ እናትና ልጅ ፊት ቆሜ፣ «ከሚገባው በላይ ገብቷል፤ ተቃጥለሻል። ጠባሳ ይተው አይተው አሁን አላውቅም» አልኳት። ሐዋ በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው «ኢና ሊላሂ» አሉ። ሐሊማ ጣሪያውን እያየች እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ጉንጯን እንዳይነካ ብዬ በጎዝ ጨርቅ ጠረግኩላት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደገፋኋቸው እንጃ። በየጠዋቱ አክስቷ ቤት እሄዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ግራ ጉንጯ ከሰል መሰለ። በአምስተኛው ቀን ጠርዙ ተነሳ። ቅባቱን እቀባላታለሁ፣ «እንዳትነኪው፣ እንዳትልጪው» እላታለሁ፣ እሷም «እሺ» ትለኛለች።

ምክንያቱን አለማወቄ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበር። ያንኑ ጠርሙስ ከፍቼ ክንዴ ላይ ቀባሁና አራት ደቂቃ ሙሉ ቆየሁ። ቀላ ብሎ ቀረ። ጠርሙሱ ደህና ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ፤ ጠርሙሱ ካልሆነ የቀረው የእኔ እጅ ነው። ከሥራው ልወጣ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ማመልከቻውን ሳልሰጥ በስድስተኛው ቀን አክስቲቱን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። በጎድጓዳ ሳህን አረንጓዴ ዱቄት በውሃ እያሹ ነበር። ቃሲል ነው፤ ከቁርቁራ ቅጠል የሚዘጋጅ፣ ሴቶቹ ፊታቸውንና ጸጉራቸውን የሚያጥቡበት። አረፋ ያወጣል፤ ሻካራ ነው።

«ሐሊማም በዚህ ትታጠባለች?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ያን ቀንም እኔ ነኝ ያጠብኳት።»

«የቱን ቀን?»

«አንቺ ልትቀቢያት የመጣች ቀን። አቧራ ይዛ ሐኪም ፊት ትቀርባለች? ነውር አይደለም? ሁለቴ፣ አጥብቄ አሸኋት።»

ፊት ለፊት ቆመው በቀኝ እጃቸው እንዴት እንዳሹ አየር ላይ አሳዩኝ። እጃቸው በደንብ የሚያርፈው በግራ ጉንጭ ላይ ነበር። በተፋቀ ቆዳ ላይ አሲድ ጠልቆ ይገባል። ከጆሮ ጀርባ ደግሞ ማንም አያሽም። የእኔ ሙከራ የነገረኝ ስላልታሸ ቆዳ ነው።

ገብቼ ሐሊማን ጠየቅኳት። «ሳሙና አልሽኝ፤ ሳሙና አልነካሁም። ክሬም አልሽኝ፤ አልተቀባሁም። ቃሲልማ መታጠብ ነው፣ ሲስተር፤ ማን ይነግራል?» አለችኝ። አክስቲቱ በር ላይ ቆመው ሰምተው ኖሮ ሳህኑን ይዘው ቁጭ አሉ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኳት?» አሉኝ።

«አይደለም፣ እኔ ነኝ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኳቸው። እውነቱም ይኸው ነው።

ቅርፊቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደቀ። ሐሊማ ዲቾቶ ሳትመለስ ሦስት ወር አክስቷ ቤት ተቀመጠች፤ ሱቁን እህቷ ያዘች። ዶክተር ራሳቸው ሰመራ መጥተው በመብራት እያዩ ጉንጯን በጣታቸው ዳሰሱ። «ጠባሳ የለም» አሉ። ከግራ መንጋጋዋ በላይ ግን የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ቀርታለች። «ይቺ የምትሄድ አይመስለኝም» አሉ።

ሐሊማ መስታወት ጠየቀችኝ። ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ በነጥቧ ላይ ብዙ ቆየች።

«ማዲያቱ ጠፍቷል» አለችኝ። «እሱ ከእኔ ጋር የመጣ ነበር። ይቺ ግን ያንቺ ናት።»

ሻሿን አስተካክላ ከእናቷ ጋር ወጣች። በማግስቱ ዲቾቶ ገብታ ሱቋን ከፈተች።

ሥራውን አልተውኩም፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ ለሚገቡ ነርሶች የምለው ይህን ነው። ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት ሴትዮዋ ያን ጠዋት ፊቷን በምን እንደታጠበች፣ ስንት ጊዜ እንደታሸች፣ ማን እንዳሻት ጠይቁ። ታሽታ ከመጣች አትንኳት፤ በሳምንቱ ትመለስ።