እጅ ያልነሳው አከርካሪ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ዳንግላ ላይ ክርክር ሊረታ የፈለገ ሰው ከማስረጃው በፊት የሚታጠፍ ወገብ ይዞ መቅረብ ነበረበት። የዘንገናው ገበሬ ዓለምነው የጎደለው ይኸው ብቻ ነበር። የአባቱ ርስት ነበረው፣ ምስክር ነበረው፣ አዊኛም አማርኛም የሚያስኬድ ምላስ ነበረው። ወገቡ ግን አይታጠፍም።

ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። በጎረምሳነቱ ፈረስ ላይ ሲወጣ እንደ ልምጭ ይተጣጠፍ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጠዋት ጠዋት ወገቡ ግትር እያለ ከመደብ መነሣት ያቅተው ጀመር። ሕመሙ ደግሞ ነገረኛ ነው፤ ሲተኛ ይብስበታል፣ እርፍ ጨብጦ ጥቂት ትልም ሲያወጣ ይለቀዋል። ጎረቤት የሚያየው ጠዋቱን ስለሆነ ስንፍና ነው ብሎ ፈረደ። የንስሐ አባቱ በዐቢይ ጾም ሲሰግድ ግንባሩ መሬት አለመንካቱን አየና ትዕቢት ነው ብሎ ስግደቱን እጥፍ አደረገበት። አንዱ ሰነፍ አለው፣ ሌላው ትዕቢተኛ አለው፤ ጀርባውን ዳሶ ያየ አንድም አልነበረም።

የዳሰሱት ግምጃ ቤት የምትባለው የጎረቤት መንደር ወጌሻ እትዬ ዋጋዬ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ አጥንት ግን ቆጥረዋል። በሆዱ አስተኝተው ከማጅራቱ ጀምረው በአውራ ጣታቸው ወረዱ፦ አንገት ላይ ሰባት፣ ጎድን የተሰካባቸው ዐሥራ ሁለት፣ ወገብ ላይ አምስት። ከዚያ በታች ያሉት በማንኛውም አዋቂ ሰው የተጣበቁ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ግን መጣበቅ የለባቸውም። በየሁለቱ መሀል እንደ ትራስ የሚለመጥ ነገር አለ። ሰው ሲጎነበስ ትራሱ በፊት በኩል ይጨመቃል፣ በጀርባ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ። አንዱ አጥንት ብቻውን ከጣት ውፍረት የዘለለ አይንቀሳቀስም፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ሲያዋጡ ነው ሰውየው ለጥ የሚለው። የዓለምነው አጥንቶች መዋጮውን ትተዋል። ጅማቱ ራሱ አጥንት ሆኖ አንዱን ከሌላው አጣብቆታል። የእትዬ ዋጋዬ ጣት ክፍተት ሲፈልግ ያገኘው ተራ በተራ የተደረደረ አንጓ ነበር።

«ልጄ፣ ጀርባህ ቀርከሃ ሆኗል» አሉት በአዊኛ። «ማንም እንዳይረግጥህ፣ ማንም እንዳይጫንህ። ቢጫኑህ አትጎብጥም፤ ትሰበራለህ።»

ይህ በሆነ በዓመቱ ግራዝማች በዛብህ የሚባል ካባ ለባሽ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ያለውን የዓለምነውን መሬት ወሰኑን ነቅሎ አረሰው። ዓለምነው ከሰሰ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ጋቢውን አደግድጎ ዳኛው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራዝማች በበኩሉ አፍንጫው ጉልበቱን እስኪነካ እጅ ነሳ፤ የሰው መሬት የሚነጥቅ ሰው ወገቡ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው። ዳኛው ክሱን ሳይሰማ፣ ይህ ግትር ሰው እጅ መንሳት ተምሮ ይምጣ ብሎ በወሩ ቀጠረ። ካልተማረ መዝገቡ ይዘጋል፣ መሬቱም ካረሰው ጋር ይቀራል።

እትዬ ዋጋዬ ሲሰሙ ተሳደቡ፤ ሲበርድላቸው ግን ዘዴ አመጡ። አከርካሪው ቢሞትም ጭኑ ከዳሌው የሚጋጠምበት ቦታ አልሞተም። ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እንደ ሳንቃ ከዳሌው ይውረድ። መቀመጫው ወደ ኋላ ካልሄደ ግን የላዩ ክብደት ወደ ፊት ይጥለዋል። ዓለምነው ወር ሙሉ የከብት ማሰሪያውን ግንድ ዳኛ አድርጎ ተለማመደ። ሚስቱ ማናለብሽ በሳቅ ሞተች።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ወንበር የምትፈልግ ነው የምትመስለው» አለችው። «ዳኛው አዝነው ያቀርቡልህ ይሆናል።»

ቀጠሮው ደረሰ፤ እትዬ ዋጋዬም አብረውት ሄዱ። ችሎቱ ጠባብ፣ ሰው እንደ ገብስ ነዶ የተጠቀጠቀበት ነበር። ዓለምነው ጉልበቱን ሰበረ፣ ጀርባውን እንደ ሳንቃ አወረደ፣ መቀመጫውንም እንደተማረው ወደ ኋላ ገፋ። ከኋላው የቆመው ግራዝማች በዛብህ ነበር። መቀመጫው የግራዝማችን ሆድ አገኘና ባለካባውን ከነክብሩ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓለምነው ወር ሙሉ የለፋበትን አክብሮት ዳኛው ቀልድ ብሎ ተረጎመው።

«ጫነው!» አለ ለዘበኛው። «ግንባሩ መሬት ይንካ።»

ዘበኛው እጁን የዓለምነው ማጅራት ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ እትዬ ዋጋዬ ሰውን በክርናቸው እየከፈሉ ወደ ፊት ወጡ።

«ጌታዬ፣ ይህ ጀርባ አይታጠፍም። ቢጫኑት ቀጭ ይላል። በመሀሉ የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር አብሮ ከተበጠሰ ሁለት እግሩ ይሞታል። እጅዎን ያሳርፉበትና ይፍረዱ።»

«የባላገር ጀርባ እየዳሰሰ የሚፈርድ ዳኛ የት አይተሻል?»

እትዬ ዋጋዬ የትም አላዩም። እጁን ያሳረፈው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም በጣቱ ወደ ታች ሄዶ አንጓውን ሲያገኝ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ።

«ጌታዬ፣ እውነታቸውን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንጨት ነው።»

በዚያ ችሎት እውነት የመረመረ ሰው ቢኖር ደረጃው ከሁሉ ያነሰው ነበር። ዳኛው ግን ችሎት በመድፈር ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ዓለምነው ድንጋይ ላይ ቆሞ ፈረሱ ላይ ወጣ። ከኮርቻው ላይ እንደ መኳንንት ቀጥ ብሎ ገበያውን ሲያቋርጥ የማያውቁት ሰዎች እየተነሡ እጅ ነሡት። አንድ ሽማግሌ እህላቸውን ትተው ወገባቸውን እስኪያማቸው ጎነበሱና የየት አገር ሹም እንደሆነ ጠየቁት።

«ሹም አይደለሁም፣ አባባ፤ የዘንገና ገበሬ ነኝ» አላቸው። «ቀና ይበሉ። እኔን መሬቴን ያስነጠቀኝ ይኸው እጅ መንሳት ነው።»

በማግሥቱ ዘንገና ደረሰ። ከመንገዱ በግራ በኩል የግራዝማች በሬዎች የእሱን መሬት እያረሱ ነበር። አንገቱ ስለማይዞር ፈረሱን ጨርሶ አዙሮ እስኪበቃው አየ። ማናለብሽ የፍርዱን ወሬ ቀድማ ሰምታ ስንቁን ይዛ ከደጅ ቆማ ነበር፤ ተቀበላትና ሳይወርድ ፈረሱን ይግባኝ ወደሚባልበት ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ መለሰው።